ውኃ የጠጣ እንጨት

ስሜ ታይሚ ነው፤ ሥራዬ ገንዳ መሥራት። የፕላስቲኩን አይደለም፤ እሱን ማንም ከመደብር አምጥቶ ግቢው ውስጥ ይደቅነዋል። እኔ የጥድ ጣውላ ጠርቤ፣ ጎን ለጎን አቁሜ፣ በብረት ቀለበት አስሬ ነው የምሠራው። ምስማር የለውም፤ ማጣበቂያም የለውም። በጎኑ የማገዶ ምድጃ አለ፤ ውኃው በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሞቃል፤ ሰው ከሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሲወጣ እስከ አንገቱ ይነከርበታል።

ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ኡንቶ ነው። አሁን ጣቶቹን ቁርጥማት ስለያዘው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መተቸት ብቻ ነው ሥራው፤ በእሱም የሚስተካከለው የለም።

«ከዚህ ግቢ የወጣ ዕቃ ተመልሶ አይገባም» ይላል። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ገንዳ አልተመለሰበትም። እኔም በስድስት ዓመት አንድ አልተመለሰብኝም። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ ነው፤ አልደብቅም።

የምንኖረው ሳቮ በሚባል ሰሜናዊ አገር፣ ከአንድ ሐይቅ ወዲህ ነው። ወደ ማዶ የምታሻግር መኪና የምትጭን ቢጫ ጀልባ አለች፤ ውኃው ውስጥ በተዘረጋ ወፍራም የብረት ገመድ እየተሳበች አምስት ደቂቃ ትሄዳለች። ነጂዋ አርቱ ይባላል።

ከአርቱ ጋር ለአንድ ዓመት ያህል የተነጋገርነው በጣት ነበር። እኔ ከመኪናዬ መሪ ላይ አንድ ጣት አነሳለሁ፤ እሱም በመስኮቱ በኩል አንድ ጣት ያነሳል። በእኛ አገር ይህ በቂ ሰላምታ ነው። ሁለት ጣት ያነሳ ሰው የሆነ ነገር ፈልጓል።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ሁለት ጣት አነሳ።

ከዚያም ከጀልባዋ የነጂ ክፍል ወጥቶ መጣ። ከኋላዬ በተሳቢ የጫንኩትን ገንዳ ዞር ዞር ብሎ አየው።

«ይህ ስንት ሰው ይይዛል?»

«አራት፤ ካልተጣሉ።»

«ከተጣሉስ?»

«ሐይቁ ሰፊ ነው።»

በአፍንጫው ሳቀ። እየሳቀም ገንዳውን አልነበረም የሚያየው። ጀልባዋ ማዶ ደርሳ የመውረጃዋ ብረት ዳሩን ሲመታ ሁለታችንም ደነገጥን።

ከዚያ በኋላ ማዶ ጉዳይ በዛብኝ። በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ምስማር ገዛሁ።

«ምስማር የሌለው ገንዳ ለምትሠራ ልጅ ምስማር ምን ያደርግላታል?» አለ አባዬ።

አንድ ቀን፣ ዝናብ እየዘነበ፣ አርቱ ወደ ነጂው ክፍል አስገባኝ። ለአንድ ሰው የተሠራ ክፍል ስለሆነ ትከሻችን ተነካካ። ማናችንም አልሸሸንም።

«አያቴ ሰኔ ላይ ሰማንያ ትሞላለች» አለ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሳ። «ዳሌዋን ከታከመች ወዲህ ሐይቅ ገብታ አታውቅም፤ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ወደ ውኃው የሚወስደው መንገድ ድንጋይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሳውና ትወጣና በረንዳው ላይ ተቀምጣ ውኃውን ታየዋለች።»

«ምን ትላለች?»

«ምንም። እሱ ነው የከበደኝ።»

አያቱን ሄልቪን የማያውቅ የለም። የጭስ ሳውናዋ በሐይቁ ዙሪያ አሉ ከሚባሉት ሁሉ የቆየ ነው። ጭስ ማውጫ የለውም። ስድስት ሰዓት ሙሉ ይነዳል፤ ጭሱ ክፍሉን ይሞላዋል፤ ከዚያ በትንሽ መስኮት ይለቀቅና እስኪረጋ አንድ ሰዓት ይተዋል። ቀድሞ የገባ ዓይኑ ይቃጠላል፤ ታግሦ የገባ ግን ወደ እናቱ እቅፍ እንደተመለሰ ሆኖ ይወጣል። ሄልቪ ያንን ሳውና ከአርባ ዓመት በላይ ስታነድ አንድ ቀን እንኳ ሰው እጁን አስገብቶባት አያውቅም። ኩራቷ ራቷ የሆነች ሴት ናት።

«ከሳውናው ጎን ገንዳ ልትሠሪልኝ ትችያለሽ?» አለ አርቱ። «ከሙቀቱ ወጥታ ሙቅ ውኃ ውስጥ ትቀመጥ፤ ዳሌዋም ያርፍ፤ ሐይቁንም ከቅርብ ትየው።»

«እግሯን እስከ ምን ድረስ ማንሳት ትችላለች?»

በእጁ አሳየኝ። ኪሴ ውስጥ ሜትር አይጠፋምና ከወለሉ እስከ መዳፉ ለካሁ። መዳፉን ከለካሁ በኋላም ቶሎ አላወረደውም፤ እኔም ሜትሩን ቶሎ አላጠፍኩትም።

በዚያ በረዷማ ክረምት እንደዚያ ገንዳ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። ጣውላው አንድ ዓመት የደረቀ፣ ቋጠሮ የሌለበት ነበር። አንዱን ከአንዱ ሳጋጥም ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። አባዬ ሁለት ጊዜ ዞሮት አንድም ትችት አጣ፤ ለእኔ ከሽልማት ይበልጣል። ወድጄ ነበር። ሰው ሲወድ እጁ አይሳሳትም፤ እኔ እንደዚያ ነው የማምነው።

ሰኔ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ገንዳውን ጭኜ ተሻገርኩ። አርቱና ሁለት ጎረቤቶች አውርደው ከሳውናው አጠገብ በተደለደለ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ደረጃውን እያያያዝኩ ሳለ ሄልቪ በምርኩዝ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ነጭ ፀጉሯ ተጎንጉኖ ራሷ ላይ ተጠምጥሟል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ለልደትሽ ነው፣ አያቴ» አለ አርቱ።

«የሾርባ ድስት ነው የገዛህልኝ?»

ጎረቤቶቹ ቀስ ብለው ሸሹ። ሄልቪ ምርኩዟን ወደ ሳውናው ቀሰረች።

«እኔ እዚያ ውስጥ ነው የተወለድኩት። ሦስት ልጅ እዚያ ወልጃለሁ። አያትህን ሲሞት እዚያ ነው ያጠብኩት። ከፊቱ የከተማ ሰው መቀቀያ አይቆምም።»

ደሜ ፈላ። «ይቅርታ፣ እማማ ሄልቪ» አልኩ። «ይህ ድስት አይደለም። አባቴ ኡንቶ ነው፤ እኛ ድስት ሠርተን አናውቅም።»

«ኡንቶን አውቀዋለሁ። እሱ ባልዲ ሲሠራ ደህና ነበር።»

ከዚያ በኋላ ምላሴን አላምነውም ነበርና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሄድኩ። አርቱ ስሜን ሲጠራ ሰማሁ፤ አልዞርኩም። በንዴቴም ላይ ሳለሁ ማለት ያለብኝን አንድ ነገር ሳልል ቀረሁ።

አዲስ የእንጨት ገንዳ ያፈስሳል። ደረቅ ነዋ። ውኃ ሞልቶ፣ እያፈሰሰ እየተሞላ፣ ሦስት አራት ቀን መጠጣት አለበት፤ ከዚያ እንጨቱ ያብጥና ይገጥማል፤ ጠብታም አይወጣውም። ለከተማ ደንበኞቼ ይህን በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ። ለሐይቅ ሰው ግን አልጽፍም፤ ስድብ ነው የሚሆነው። የእንጨት ጀልባ ያለው ሁሉ በረዶው ቀልጦ ፀደይ ሲመጣ ጀልባውን ዳር ላይ አስጥሞ ውኃ ያጠጣዋል። የጀልባ ነጂ ደግሞ ይህን ካላወቀ ማን ያውቃል?

ማክሰኞ ከአርቱ መልእክት መጣ። «አያቴ ገንዳው ይመለስ ብላለች። ይቅርታ።» ሌላ ምንም የለም።

ደጋግሜ አነበብኩት፤ አልረዘመም። የተመለሰው ገንዳው ብቻ አልመሰለኝም፤ እኔም አብሬ የተመለስኩ መሰለኝ።

«ምን ጎደለው?» አለ አባዬ፣ መልእክቱን ሳነብለት።

«አልተናገረም።»

«አልጠየቅሽውም?»

«አልጠየቅኩትም።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «አርባ ዓመት» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ገንዳው ቅዳሜ ተሻግሮ ሲመጣ ሐይቁ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ያያል። የአባቴ ስም በእኔ እጅ ነው የሚወድቀው።

ቅዳሜ ባዶ ተሳቢ እየጎተትኩ ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። አርቱ አንድ ጣትም አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኛን አፍ ትንኝ እንኳ አልደፈረውም። አምስት ደቂቃ እንደዚያ ይረዝማል ብዬ አላስብም ነበር። ማዶ ስንደርስ ፈረቃውን ለባልደረባው አስረክቦ በብስክሌት ተከተለኝ።

ግቢው ውስጥ የሳውናው ጭስ ወጥቶ አልቆ ነበር። ገንዳው በክዳኑ እንደተሸፈነ ቆሟል። ከጎኑ ያለው ምድጃ ግን ሞቋል።

ክዳኑን አነሳሁት። እስከ ጠርዙ ሞልቷል፤ እንፋሎት ፊቴ ላይ መጣ። ተንበርክኬ ታቹን በእጄ ዳሰስኩ። ድንጋዩ ደረቅ ነው፤ አንድ ጠብታ የለም። በሕይወቴ በሥራዬ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ተናድጄ አላውቅም።

«ይህን ነው የምትመልሱት?» አልኩት አርቱን።

ፊቱ ነጭ ሆነ። እሱም ጎንበስ ብሎ ዳሰሰ። «ያፈስስ ነበር» አለ።

«ምን?»

«ሞላሁት፤ በሁሉም በኩል ፈሰሰ። ከዚያ ባዶ አድርጌ ከደንኩት። ሠርተሽ... ክረምቱን ሙሉ ለፍተሽበት... ያፈስሳል ብልሽ ይከፋሻል ብዬ በአያቴ አሳበብኩ።»

«አርቱ፣ የእንጨት ጀልባ አይተህ አታውቅም?»

«የእኛ አሉሚኒየም ነው።»

«የምትነዳውስ?»

«ብረት።»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም። «ለምን አልጠየቅከኝም?»

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«በሳውና ደጃፍ ላይ ጭቅጭቅ የለም።» ሄልቪ ከኋላችን ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ፎጣ፣ በእጇ ገላ የሚመታበት የበርች ዛፍ ቅጠል እስር ይዛለች። «እዚህ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንተ ማገዶ ፍለጥ። አንቺ ግቢ፤ የሴቶች ተራ ነው።»

«ገንዳውን ልጭን ነው የመጣሁት፣ እማማ ሄልቪ።»

«ቅዳሜ ከዚህ ግቢ ሳይታጠብ የወጣ ሰው የለም። በአንቺ አይጀመርም።»

ገባሁ። ግድግዳው በጥቀርሻ ጠቁሯል፤ ሙቀቱ ግን ለስላሳ ነው፣ አይገፋም፤ ያቅፋል። ሄልቪ ታችኛው መደብ ላይ ተቀመጠች፤ ወደ ላይኛው መውጣት አትችልም። ውኃ ጨልፋ ድንጋዩ ላይ ረጨች፤ ድንጋዩ ተነፈሰ። እዚያ ውስጥ ዝምታ አያስጨንቅም።

«ማን ሞላው?» አልኩ በመጨረሻ።

«እኔ ነኛ።»

«በዚያ ዳሌ ባልዲ ተሸክመው?»

«ሞኝ አደረግሽኝ? የውኃ ጎማ ስቤ ነው።» ፊቷን ጠረገች። «ያ ልጅ ገንዳውን ሲሞላው በመስኮት አየሁት። ሲያፈስስበት ደነገጠና ውኃውን ደፋው። ባሌ ጀልባ ይሠራ ነበር፤ ጀልባ አራት ቀን ትጠጣለች። በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ ሞላሁት። ሲጎድል ሞላሁት። በአራተኛው ቀን ዘጋ።»

«ለምን አልነገሩትም?»

«አልጠየቀኝም።»

«ይመለስ ብለው ካዘዙ በኋላ ለምን ሞሉት ታዲያ?»

«ይመለስ አላልኩም። ድስት ነው ነው ያልኩት፤ ይመለስ ያለው እሱ ነው። እሱንም ዛሬ ነው የሰማሁት።» መደቡን በመዳፏ ዳበሰች። «ጥሩ እንጨት ሲደርቅ ዝም ብዬ አላይም። እንደዚያ የተጋጠመ ጣውላ ባሌ ከሞተ ወዲህ አላየሁም።»

«እማማ ሄልቪ፣ ገንዳው ሳውናውን ሊተካ አልመጣም» አልኩ። «እንደዚህ ያለውን ማንም አይተካውም። ከጎኑ እንዲቆም ነው የሠራሁት፤ ከጎኑ መቆም የማያሳፍር አድርጌ።»

ሌላ ጭልፋ ረጨች፤ የበርቹን እስር አቀበለችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ለማያውቃት ሰው ጀርባዋን የምትሰጥ ሴት አይደለችም።

ስንወጣ ሰውነታችን በአየሩ ይጨስ ነበር። ክንዷን ልይዛት ስል ገፋችኝ። ወደ ገንዳው ደረጃ ሄደች፤ እግሯን አነሳች፤ ቆመች። የመጀመሪያውን ደረጃ ያለ ምርኩዝ ወጣች። ሁለተኛውን ወጣች። በሦስተኛው ላይ ዞር አለች።

«ደረጃው ዝቅ ያለ ነው።»

«ለእርስዎ እግር ነው የለካሁት።»

«መቼ አይተሽኝ?»

«አርቱ በእጁ አሳይቶኝ።»

ውኃው ውስጥ ገባች፤ እስከ አንገቷ ሰጠመች። እኔም ከጎኗ ገባሁ። ከውኃው ላይ ሆነው ሲያዩት የገንዳው ጠርዝ ይጠፋል፤ ሐይቁ ከአገጭ ነው የሚጀምረው። ሄልቪ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ረጥቦ ነበር፤ ውኃው ይሁን ሌላ አልጠየቅኩም።

«ሁለት ዓመት ከበረንዳ ነው ያየሁት» አለች። ከዚያ ብዙ ቆይታ፣ «ይሆናል» አለች።

ሳቮ ውስጥ ለተወለደ ሰው ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። አባቴ እናቴን ሲያገባ ያላት ይህንኑ ነው።

አርቱ በማገዶው ቁልል ጀርባ ሆኖ ይፈልጥ ነበር። ሄልቪ ድምፁን አዳምጣ ራሷን ነቀነቀች።

«የልጅ ልጄ ሞኝ ነው። ግን አይዋሽም።»

«ዋሽቷል እኮ። በእርስዎ አሳቧል።»

«በሕይወቱ አንዴ ዋሸ፤ እሱም አንቺ እንዳይከፋሽ። እንደ ፈለግሽ ፍረጂበት።»

ስመለስ ተሳቢዬ ባዶ ነበር፤ እንደዚያ ባዶ ሆኖ አስደስቶኝ አያውቅም። አርቱ አብሮኝ መጣ፤ ባልደረባው አንዴ እኛን አየና መሪውን ለቀቀለት፤ ወደ ዳር ሄዶ ዓሣ እንደሚፈልግ ሰው ውኃ ማየት ጀመረ።

ሐይቁ መሐል ስንደርስ ጀልባዋ ቆመች።

«ተበላሸች?» አልኩት በነጂው ክፍል በር ላይ ቆሜ።

«አይ። አምስት ደቂቃ አልበቃ ብሎኝ ነው። ከመጀመሪያውም አልበቃኝም።»

ሞተሩ ብቻ ያጉረመርም ነበር።

«ከእንግዲህ የሆነ ነገር ሲያፈስስ ንገረኝ» አልኩት።

«እነግርሻለሁ። አንቺም ሲከፋሽ ንገሪኝ።»

«እነግርሃለሁ።»

«አሁን ከፍቶሻል?»

«ትንሽ።»

«ምን ላድርግ?»

«ወደዚህ ጠጋ በል።»

ጠጋ አለ። እጄን ያዘኝ፤ መዳፉን የለካሁት ስለሆነ አውቀዋለሁ። እንደምወደው በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነገርኩት፤ እሱም ነገረኝ፤ የተናገርነው በሙሉ ከሁለት መስመር አይበልጥም ነበር። ዳር ላይ የፖስታ ቤቷ ሴት መኪናዋ ውስጥ ሆና ስትጠብቅ ቆየች። ጥሩምባዋን አልነፋችም። ስንደርስ ከመሪዋ ላይ ሁለት ጣት አነሳችልን፤ ወሬ ፈልጋለች።

ቤት ስገባ አባዬ መጀመሪያ ያየው ተሳቢዬን ነው። ባዶነቱን አየ፤ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። «ጠጣ?» አለኝ።

«ጠጣ።»

«ታዲያስ» አለ።

በአገራችን ወግ ከሠርግ በፊት ባለው ቀን ሴቶቹ ሙሽራዋን ሳውና ያስገቧታል። በቀጣዩ ሰኔ አርቱን ላገባ ስል የእኔ በሄልቪ ሳውና ውስጥ ሆነ፤ እሷ ራሷ ናት ከንጋት ጀምሮ ያነደደችው። አባዬ ሲሸኘኝ፣ «ከዚህ ግቢ የወጣ ተመልሶ አይገባም ያልኩት ስለ ዕቃ ነው» አለኝ ወለሉን እያየ። «አንቺ ግን እሑድ እሑድ ነይ።»

ሴቶቹ ታጥበን ስንወጣ ከከተማ የመጣች የአርቱ አክስት አብራን ነበረች፤ ሪትቫ ትባላለች። ገንዳውን ስታይ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው? ከዚህ ከጥንቱ ሳውና ፊት የሾርባ ድስት አቆማችሁ?»

ሁላችንም ወደ ሄልቪ ዞርን። ሄልቪ ቀድማ ውኃው ውስጥ ገብታ ነበር፤ በአበባ ያጌጠ ፀጉሯ ብቻ ይታያል። በእርጥብ እጇ የገንዳውን ጠርዝ አንዴ መታ አደረገችው።

«አፍሽን ሰብስቢ፣ ሪትቫ። ምስማር የለውም፤ ጠብታ አይወጣውም። የእኛ ልጅ የሠራችው ነው።»

ከዚያ ለእኔ ቦታ ለቀቀችልኝ።